የተቆጣ ሰው ያለበት ድስት

ጃንዋሪ 4
ዛሬ ወጥ ቤቱን ጀመርኩ። የአምፓሮን ትልቁን የታማሌ ድስት በጋዜጣ ጠቅልዬ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። ልጄ ማሪትሳ ቺካጎ ቤቷ ያዘጋጀችልኝን ክፍል ቀለም አስቀብታለች። «አባዬ፣ ብቻህን ላሬዶ ምን ትሠራለህ?» እውነቷን ነው። ሚስቴ አምፓሮ ከሞተች ወዲህ ይህ ቤት ምኔ ነው? በወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ።

ጃንዋሪ 6
የሰብአ ሰገል በዓል። የአምፓሮ እህት ኦርቴንሲያ እንደ ልማዷ የበዓሉን ክብ ዳቦ ይዛ ከሜክሲኮ የድንበሩን ድልድይ ተሻግራ መጣች። ጎረቤቶችም መጡ። ቆረስኩ፣ ነከስኩ... ጥርሴ ላይ ቋ አለ። ዳቦው ውስጥ የሚደበቀው የፕላስቲክ ሕፃን!
«ደረሰው! ደረሰው!» ጭብጨባ።
ሕፃኑ የደረሰው ሰው ፌብሩዋሪ 2 ሰፈሩን ታማሌ፣ ሥጋ ያለበት በእንፋሎት የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ያበላል።
«ያን ጊዜ እኮ ቺካጎ ነኝ።»
«ሂዳ!» አለች ኦርቴንሲያ። «እዚያው መጥተን እንበላብሃለን።»
ሕፃን ደርሶት የሸሸ ሰው እዚህ ሰፈር ታይቶ አያውቅም። ጉዞውን በአንድ ሳምንት ገፋሁት። አንድ ሳምንት ብቻ።

ጃንዋሪ 20
ለታማሌው ስቡ ስንት? ዱቄቱ ስንት? ዕድሜ ልኬን በላሁ፣ አምፓሮን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ፌብሩዋሪ 1
ድስቱ ከካርቶን ወጣ። ኦርቴንሲያና ጎረቤቶች ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናቸው። እነሱ የበቆሎውን ሊጥ ያሻሉ፣ እኔ ሥጋ እየጨመርኩ በደረቀ የበቆሎ ቅጠል እጠቀልላለሁ።
«ይሄ ታማሌ ነው ወይስ የተሰበረ እግር?» አለች ኦርቴንሲያ የጠቀለልኩትን አንስታ።
ታማሌው እንፋሎቱ ላይ ብዙ ቆየ። ሲከፈት ሊጥ። ጠበቅን። አሁንም ሊጥ።
ኦርቴንሲያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ማነው የተቆጣው?»
የተቆጣ ሰው ባለበት ታማሌ እንደማይበስል ማን ያጣዋል? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።
«አልተቆጣሁም።»
«አንተ ሰውዬ፣ ጋዙን አታስጨርሰን። ማን ላይ ነው?»
«አምፓሮ ላይ» አልኩ። ከየት እንደወጣ እንጃ። «ምኑንም ሳታሳየኝ... ጥላኝ ሄደች።»
ኦርቴንሲያ ሊጥ በነካው እጇ እጄን ያዘችኝ። «እኔም ተቆጥቻለሁ። ታላቋ እኔ አይደለሁ? ለምን ትቀድመኛለች? ና፣ እንጨፍር።»
መድኃኒቱ ይኸው ነው፣ ድስቱን ዞሮ መጨፈር። በሽርጥ ጨፈርን፣ ጉልበቴ እየጮኸ። ሳቅኩ እንዴ? ሳቅኩ።

ፌብሩዋሪ 2
ታማሌው ትናንት ማታ በስሎ ነበር። እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ ሰፈሩ በላ። «የእሷን አያህልም» አለች ኦርቴንሲያ፣ ሦስተኛውን እየፈታች።
ማሪትሳ ደወለች። «መቼ ልጠብቅህ?»
«ከፋሲካ በኋላ፣ ለጥየቃ።»
ድስቱን አጥቤ ቦታው መለስኩት። ካርቶኑን ኦርቴንሲያ ወሰደችው። የተረፈውን ታማሌ ሞልታበት ድልድዩን ተሻገረች።