ገመዱን ማን ይያዝልኝ?

ሰኞ
ያዘ! ጆንያ ሙሉ ድንጋይ ያዘ።

አብሮኝ ቋጥኝ ከሚወጣው ከዘውዱ ጋር ሊማሊሞ ገደል ሥር አዲሱን የገመድ መያዣ ፈተንነው። ቋጥኝ ሊወጡ መጥተው ትተውልን የሄዱት እንግዶች፣ ከታች ገመዱን የያዘው ሰው እጁን ቢለቅ እንኳ መያዣው ነክሶ ያስቀረዋል ብለው ነበር። ለቀቅሁ። ጆንያው ስንዝር ያህል ወረደና ቆመ።

ይህን ሁሉ የማደርገው ለአባቴ ነው። ስትወጪ አንድ ቀን ገመድሽን ልያዝልሽ ብሎ ለምኖኛል። ድሮ አጎቴን በመጫኛ ገደል እያወረደ ማር ያስቆርጥ ነበር። ቀኝ እጁ ከታመመ ወዲህ ግን ብርጭቆ እንኳ ያመልጠዋል። እሺ ማለት ፈራሁ፤ እምቢ ማለትም አልሆነልኝም።

ማክሰኞ
ገመዱን በውሃ አርሰን ደገምነው። ትንሽ ተንሸራተተ፣ ግን ያዘ። ክፉው ማውረዱ ነው፤ የመያዣውን እጀታ አብዝተው ከሳቡት ጆንያው ዱብ ይላል። ማውረዱ የዘውዱ ይሁን።

ምሳ ላይ አባቴ የድሮውን አወራኝ። መጫኛውን በወገቡ አዙሮ፣ ተረከዙን ድንጋይ ላይ ተክሎ። "ገመድ የያዘ ሰው ሰላምታ አይመልስም። አገሩ ያውቃል፤ የሚቀየም የለም" አለኝ። ትዝ ይለኛል፤ እናቴ መንገዱ ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን በእጇ ዝም ታሰኝ ነበር። እንዴት ናፈቁኝ! እናቴም፣ አጎቴም፣ ያ ጭስ ጭስ የሚል ማርም።

ረቡዕ
ጉድ ነው! ዛሬ በጆንያው ፈንታ እኔ ወጣሁ። መሀል ላይ ስደርስ ቄሱ በመንገዱ መጡ። ቁልቁል ስመለከት፣ ዘውዱ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ እጃቸውን ይዞ መስቀል ይሳለማል! ስጮህ እግሬን አዳለጠኝ። ተንጠለጠልኩ። መያዣው አስቀረኝ።

ወርጄ ሰደብኩት። "ታዲያ ሳልሳለም ላሳልፋቸው?" ይለኛል። ቄሱም ደንግጠው፣ "አንተ፣ ልጅቱን ያዝ እንጂ! እኔ የት እሄድብሃለሁ?" አሉት። ሳቅሁ።

አባቴ ሲሰማ አልሳቀም። "በእኛ ጊዜ ቢሆን አልቆልሽ ነበር" አለ። ነገ ገመዴን አንተ ያዝልኝ አልኩት።

ሐሙስ
አባቴ ጋቢውን አስቀምጦ መያዣው ያለበትን ቀበቶ ታጠቀ። ዘውዱ ከኋላው ትርፉን ገመድ ይዞ ቆመ። ወጣሁ። ከዚያ "አባባ፣ ያዝ!" ብዬ ሆን ብዬ ድንጋዩን ለቀቅሁ።

ገመዱ ተወጠረ። "ያዝኩሽ፣ ልጄ!" አለ። አጎቴን ይጣራበት የነበረው ድምፅ ነው። እዚያው ተንጠልጥዬ አለቀስኩ።

ዘውዱ ቀስ አድርጎ አወረደኝ። መሬት ረገጥኩ፤ ገመዱ ላላ፤ አባቴ ግን አልለቀቀም። የታመመው እጁ እንደ ጨበጠ ነው። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቅሁለት። የያዘኝ መያዣው ይሁን የአባቴ እጅ፣ ዘውዱን አልጠየቅሁትም።