ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሀያት ጀማል
ሻርጃ

እታለም፣ አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬ የጉና ብርድ ሳያገኘው ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ልማድ ነው። በስልክ ያልነገርሁሽን ልጽፍ ስለተቀመጥሁ ግን እሱን ትንሽ ላቆየው። በደወልሽ ቁጥር አባባ «ስፒከር ላይ አድርጋት» ስለሚሉ ወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። እዚያ አብራሽ የምትሠራው ሩቅያ ፈቃዷን ጨርሳ ማክሰኞ ትነሳለች፤ በእጇ ትሰጥሻለች።

ነገሩ የመኪናው ነው። የድሮዋ ፒካፕ ክረምት ላይ ሞተሯ ነክሶ ከቆመች ወዲህ አባባ ጨርቃቸውን ለእብናት ገበያ በሰው መኪና ነው የሚጭኑት። አንቺ ገንዘቡን ስትልኪ «ማንዋል ግዙ» ብለሻል። መካኒኩ ሞላም እንዳንቺው ነው፤ «የአውቶማቲክ ካምቢዮ ቢበላሽ እዚህ የሚከፍተው የለም፣ አስጭነህ ባሕር ዳር ነው» ይለኛል። አባባማ ጭራሽ፣ «መኪና ማለት የምትነዳው ነው እንጂ የሚነዳህ አይደለም። ያ አልጋ ነው» ይላሉ።

እኔም ተስማምቼ ነበር፣ እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ።

ቅዳሜ የገሳይ ከተማው የመኪና ደላላ ይርጋ ሁለት መኪና ይዞልን መጣ፤ አንዱ ማንዋል፣ አንዱ አውቶማቲክ። ለሙከራ በጋፋት ዳገት በኩል ወጣን። አባባ መጀመሪያ ማንዋሉን ያዙ። ዳገቱ ወገብ ላይ ማርሽ ሊቀይሩ ሲሉ ሞተሩ ጠፋ፤ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። በእጅ ፍሬን ያዙት፣ እኔ ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረግሁ። «ፍሪሲዮኑ ድንጋይ ነው፣ አልረገጥ አለኝ» አሉ። ይርጋ ገብቶ ሲነዳው ግን ያለ ምንም ችግር ወጣ። ከክረምት ወዲህ ስላልነዱ ነው አልሁ በሆዴ።

አውቶማቲኩ ላይ ልንወጣ ስንል ይርጋ ጎተት አደረገኝ። «ቀበቶህን እሰር» አለኝ፤ «የድሮ ሹፌር ሁሉ መጀመሪያ ቀን ግራ እግሩ የሌለ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ይደፈጥጠዋል። ባለፈው አንዱ ሽማግሌ ግንባሬን ከመስታወት አጋጭቶኛል።» እኔም እጄን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። አባባ ዳገቱን ወጡ፣ አዞሩ፣ ቁልቁለቱን ወረዱ። አንዴ እንኳ አልናጡንም።

«ጋሽ ጀማል፣ እርስዎ ለአውቶማቲክ የተፈጠሩ ነዎት» አለ ይርጋ፤ «ሃያ ዓመት ማንዋል ነድቶ እንዲህ የሚለሰልስ ሰው አላየሁም።»

አባባ ሳቁ። እኔ ወደ ታች እያየሁ ነበር። ግራ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ሰው ረስቶት እንደሄደ ዕቃ ተጋድሟል። ሃያ ዓመት የለመደውን ፍሪሲዮን ለመፈለግ እንኳ አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ለሶላት ውዱእ ሲያደርጉ ውሃ ሳፈስላቸው ማንቆርቆሪያው ሳላውቅ በጣም ሞቆ ኖሯል። ቀኝ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው «አቃጠልኸኝ እኮ» አሉ። ቀዝቃዛ ልጨምር ስል «ይሁን፣ ሰዓት እያለፈ ነው» ብለው ግራውን ዘረጉልኝ። እጄ ቀድሞ አፍስሶ ነበር። ግራው ዝም አለ። እሳቸው መታጠባቸውን ቀጠሉ።

የስኳር በሽታ ይሁን ሌላ አላውቅም። ሆስፒታል እንሂድ ለማለት አፌ አልደፈረም። እሳቸው ደግሞ ያን ዕለት ማታ ቆረጡት፤ «ማንዋሉን እንገዛለን። አንተ ትነዳለህ።»

ይኸውልሽ ሌላው ያልነገርሁሽ። ከሐዋሳ የቅጥር ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ከተመረቅሁ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ ጥር አንድ ግባ ይላል። ማንዋል ከተገዛ እኔ የአባባ ግራ እግር ሆኜ ከእብናት ገሳይ ስመላለስ ልኖር ነው። አውቶማቲክ ከተገዛ ብቻቸውን ይነዳሉ፣ እኔም መንገዴን እሄዳለሁ። ግን ሕመማቸው ሳይታወቅ ዳገት ላይ ብቻቸውን ለቅቄያቸው ስሄድ ምን ዓይነት ልጅ እሆናለሁ? አውቶማቲኩን የምመኘው ለእሳቸው እግር ይሁን ለእኔ መንገድ፣ ሌሊቱን ሳገላብጠው አድሬ አልጠራልኝም።

ስለዚህ እታለም፣ አንቺ ግቢበት። ደውለሽ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ እኔ መንዳት የተማርሁት በአውቶማቲክ ነው፣ ስመጣ እንድነዳው እሱን ግዙልኝ» በያቸው። ለአንቺ ሲሉ አልጋም ይገዛሉ። ከዚያ በፊት ግን «ሁለታችሁም ተመርመሩና የሐኪሙን ወረቀት ላኩልኝ» በይ። ሁለታችሁም በይ፤ እኔም አብሬ እመረመራለሁ፣ በእሳቸው ላይ የመጣ እንዳይመስላቸው። ሐኪሙ አይንዱ ካለ የሐዋሳው ይቀራል። ይህን የምለው ወድጄ አይደለም፤ አልዋሽሽም።

እዚህ ላይ ስደርስ አባባ በሩ ላይ ቆሙ።

«ለሀያት ነው?»

«አዎ አባባ።»

«ሁላችንም ደህና ነን በላት።»

ጥቂት ራመድ ብለው ተመለሱ።

«እግሬም ደህና ነው በላት።»

እታለም፣ ስለ እግራቸው እኔና እሳቸው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ቶሎ ደውይ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጠብቅሽ፣ እጅሽን አያሳጣን፣ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ታናሽ ወንድምሽ
ነጂብ ጀማል