ከፎቶህ የሣልኩት የአባባ ሳቅ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ባለፈው ሳምንት ገጼ ላይ የለጠፍኩትን የቲማቲም ችግኝ አይተህ «ውሃ አብዝተሽበታል፣ ሥሩ ሊበሰብስ ነው» ብለህ ጻፍክልኝ። ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ከአንተ ያገኘሁት የመጀመሪያው ቃል ነው። ሥዕሉንም፣ ችግኙንም፣ የብስክሌት ጥገናዬንም አንድ ገጽ ላይ ሳደባልቅ «ሱቅ በደረቴ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ይኸው ሱቄ አገናኘን።

ያጣላንን ነገር በአፌ ብዬው አላውቅም፤ ዛሬ ልበለው። አባባ ሰዓት መጠገኛ ክፍሉ ውስጥ፣ ማጉያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲስቅ ያነሳኸውን ፎቶ ሳልጠይቅህ ወሰድኩ። ታብሌቴ ላይ ከፍቼ በላዩ ሣልኩበት፤ ግድግዳውን ሰማያዊ አደረግኩት፣ ሰዓቶቹን አየር ላይ አንሳፈፍኳቸው። ከዚያ በስሜ ብቻ ለጠፍኩት። ሰው እየተቀባበለ አዳረሰው። አንተ ከሥሩ «ፎቶው የኔ ነው፤ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብለህ ስትጽፍ ጽሑፍህን አጠፋሁብህ። ስትደውልልኝም «ፎቶ ማንሳት አንድ ጣት ነው የሚፈልገው፤ እኔ ሦስት ሳምንት ለፍቼበታለሁ» አልኩህ። ምነው ምላሴን በቆረጠው።

ከወር በፊት አንድ አሳታሚ ሥዕሉን ለመጽሐፍ ሽፋን ፈለገው። አዘጋጇ ደውላ «ሙሉ በሙሉ የራስሽ ሥራ ነው?» አለችኝ። አዎ ልላት ነበር። አፌ ግን «ከወንድሜ ፎቶ ነው የሣልኩት» አለ።

«እንግዲያው እሱ ሳይፈቅድ አንነካውም» አለች። «የፈለግሽውን ያህል ብትለውጪውም መነሻው የእሱ ነው።»

በዚያው ዕለት አባባ ጋ ሄጄ ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አሳየሁት። ሁለቱንም እያቀረበ እያራቀ ብዙ አያቸው።

«ቀለምሽ ያምራል» አለኝ። «ግን ያን ቀን ያሳቀኝ እሱ ነው። ካሜራውን ደቅኖ የጎረቤታችንን የፀጉር አስተካካዩን አነጋገር እያስመሰለ ያወራልኛል። የሰው ሰዓት ከእጄ ሊያስጥለኝ።»

ወንድም ጋሼ፣ ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ሳቅ ለአንተ የተሳቀ እንደሆነ ያኔ ነው የገባኝ።

በማግስቱ ገጼ ላይ እውነቱን ጻፍኩ። ስምህን አስቀደምኩ፣ ያጠፋሁብህን ቃልም እንዳለ መለስኩት። አንዳንዱ ሰደበኝ፤ ሲያንሰኝ ነው። አንዲት አስተማሪ «ፎቶውንም ለጥፊልንና እንየው» አለችኝ። «እሱን ፎቶ አንሺው ነው የሚወስነው» አልኳት። አንተ ዝም አልክ፤ አልፈርድብህም። ችግኙን አይተህ ስትጽፍልኝ ነው ብዕር ለማንሳት የደፈርኩት።

የአሳታሚውን የፈቃድ ወረቀት አብሬ ልኬልሃለሁ። ብትፈርም የሁለታችንም ስም ሽፋኑ ላይ ይወጣል። እምቢ ካልክም መብትህ ነው፤ ሥዕሉን ከገጼ አወርደዋለሁ፣ ቅር አይለኝም።

እሑድ ቀኑን ሙሉ አባባ ጋ ነኝ። ወረቀቱን ባትፈርመውም ና።

ዘግይታም ቢሆን የጠየቀችህ፣
ታናሽ እህትህ