በልጄ ሱሪ ስለ ፈረድሁት ፍርድ

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ መሰለች፤

እንደ እናት ያሳደጉኝ እኅቴ ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? የጉልበትዎ ሕመም ጋብ አለልዎ ወይ? ባለቤትዎን አቶ ፀሐዩንስ ሳሉ ተዋቸው? እኛ በሥጋ ደህና ነን፤ ማዕዳችን ግን አንድ ሰው ከጎደለበት ሦስት ወር ሞላው።

ፈቀደ ወደ እርስዎ ሲመጣ ምን እንደ ነገረዎት አላውቅም። አባቱን የሚያዋርድ ልጅ አይደለምና እውነቱን እኔው ልጻፈው። በሚያዝያ አንድ ጋዜጣ በአቃቂ ስለ በዛው ንጥቂያ ጽፎ ነበር። ከጽሑፉ ራስጌ አራት ወጣቶች ሰፊ ሱሪያቸውን ከወገባቸው ዝቅ አድርገው፣ ቆብ አዙረው፣ ሰንሰለት አጥልቀው በፎቶግራፍ ይታያሉ። ሁለተኛው የእኛ ፈቀደ ነው። ቴሌቪዥኑም ስለ ወንጀል ባወራ ቁጥር ይህንኑ ሂፕ ሆፕ የሚሉትን አለባበስ ሲያሳየን ከርሟልና አልተጠራጠርሁም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እየተባልሁ ያደግሁ ሰው፣ የታተመ ነገር ያሳስታል ብዬ እንዴት ላስብ? በእድራችን ስብሰባ ጽሑፉን አንብቤ፣ «ሌባ ወልጄ አልሸሽግም» አልሁ፤ ልጄንም በገዛ እጄ ለፖሊስ አስረከብሁ። ምንም ስላልተገኘበት በሦስተኛው ቀን ተለቀቀ። ልብሱን ሊወስድ ገባና እናቱን እታገኝን ስሞ ወጣ።

ሱሪውን የሸጠለት ጎረቤታችን ሀይረዲን፣ «የኔታ፣ ሱሪ ሌባ የሚያደርግ ከሆነማ እኔ ሱቄ ውስጥ ስንት ሌባ ሰቅያለሁ» ብሎ ሳቀብኝ። ማስረጃ አምጥቼ አፉን ላስይዘው ብዬ እስከ ጋዜጣው ቢሮ ሄድሁ። አንዲት ወጣት በትሕትና ተቀብላኝ፣ «አባቴ፣ ፎቶው ለማሳያ ያህል የገባ ነው። ከጭፈራ ውድድር ላይ የተነሣ ነው፤ ልጆቹን አናውቃቸውም» አለችኝ።

እትዬ፣ እነርሱ አያውቁትም። እኔ ግን አውቀው ነበር።

በሰው ፊት ያዋረድሁትን በሰው ፊት ላነሣ ባለፈው እሑድ በእድሩ መካከል ቆሜ ጥፋቴን ተናገርሁ። ሱሪውን ዛሬም አልወደድሁትም፤ ወገብ የተፈጠረው ለመታጠቅ ነው። እታገኝ ጥሎት የሄደውን አንዱን ሱሪ በየሳምንቱ ታጥባለች፤ ማን ለብሶት አደፈ ብዬ አልጠየቅኋትም። ማክሰኞ ዝናብ ድንገት ሲወርድ ከገመዱ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ወዴት እንደማስቀምጠው ስላላወቅሁ ክንዴ ላይ እንደያዝሁት ቆሜ ቀረሁ።

ለአቶ ፀሐዩ አክብሮታዊ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እታገኝ ጉልበትዎን ትስማለች። ልጄ ዕፀገነት ዘጠነኛ ክፍል ማለፏን ለአክስቴ ንገሩልኝ ብላለች። ፈቀደን ግንባሩን ይሳሙልኝና፣ አባትህ እንደ ለበስህ ና ብሎሃል ይበሉት። እሑድ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እድርተኛው በተሰበሰበበት በጠዋቱ፣ በመካከላቸው ጎን ለጎን አልፈን ቤታችን እንገባለን።

ወንድምዎ መሪጌታ ልሳነወርቅ
አቃቂ ቃሊቲ፣ ሐምሌ ፲፰ ቀን ፳፻፭ ዓ.ም.