ኦቦ ኮርማ

ጥር 14፣ 2015
አምቦ። ቢሮ ዋልኩ። ሪፖርት። “የአርሶ አደሩን ተጠቃሚነት ከማረጋገጥ አንጻር...” ብዬ ጀመርኩና ምን እንደምል ጠፋኝ። የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ተብዬ! ሌላ ምንም የለም።

ጥር 15
ኢዶሳ... ጌዶ መንገድ ላይ ሞተሩ ተገልብጦ። የኮሌጅ ጓደኛዬ። አንድ ዶርም ነበርን።
ሚስቱ ጂቱ ደወለች። “ነገ ቀብር ነው። የሕይወት ታሪኩን አንተ አንብብ። ሰው እሱ መሆኑን እንዲያውቅ አድርገህ።”
ምን ብዬ ልጻፍ? ከተመረቅን ጀምሮ የገበሬውን ላሞች በፈረንጅ ኮርማ ዘር ሲያዳቅል ኖረ። ሞተሩ ሲሰማ “ኦቦ ኮርማ መጣ!” ይሉታል። ቄስ ፊት ይህ ይነበባል?
“በእንስሳት ዝርያ ማሻሻል ዘርፍ” ብዬ አለፍኩት። ጎበዝ ነኝ።

ጥር 16
ጌዶ። ክራባቴ አንቆኝ አነበብኩ። “አቶ ኢዶሳ በተሰማሩበት ዘርፍ...” አንቱ አልኩት! ሳይጠይቀኝ ጫማዬን አድርጎ ይወጣ የነበረውን ሰውዬ!
የሚያለቅስ የለም። ኦቦ ጉታ የሚባሉ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው “ኩን ኤኙ?” አሉ። ይሄ ማነው? ቀባሪው የማንን ታሪክ እንደማነብ አላወቀም!
ወረቀቱን አጠፍኩ። “ኦቦ ኮርማ ነው” አልኩ።
መጀመሪያ ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ልቅሶው ወረደ። ጂቱም ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ ጮኸች። ኦቦ ጉታ ደረታቸውን እየመቱ፣ “በዝናብ ሞተሩን እየገፋ የመጣልኝ! ልጆቼን ወተት ያጠጣልኝ!”
እኔ አላለቀስኩም። ስለ ወረቀቴ ነበር የማስበው። አይ እኔ!

ጥር 18
ለቅሶ ቤት ነኝ። የኢዶሳ ስልክ ጠራ። ጂቱ ወደ እኔ ገፋችው። “አንተ አንሳ። እኔ አልችልም።”
አንድ ገበሬ ነው። “ዶክተር! ላሜ ኮርማ ፈልጋ ከጠዋት ጀምራ ትጮኻለች፣ ዛሬ ካልደረስክ ያልፍባታል።”
“ኢዶሳ አርፏል” አልኩ፣ በለመድኩት የቢሮ አማርኛ።
“እሺ፣ ይረፍ። ሲነሳ ንገርልኝ።”
ምን ይባላል? ደግሞ ላስውበው?
“ሞቷል” አልኩ።
“ዱኤ?”
“ዱኤ። ሞተ።”
ከአፌ ሲወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ተንሰቀሰቅሁ፣ ሰው ፊት፣ እንደ ሕፃን። ሰውየውም ያለቅሳል። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።