እያወቅክ የፈረምክበት ፍርድ

ሰይዴ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል እንድቆጥር ደብተር የገዛህልኝ አንተ ነህና የመጀመሪያ ደብዳቤዬም ላንተ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር እጽፍልሃለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ሐይቁ ዳር ያለውን ማሳ አህመድ አርሶ ማሽላ ዘርቶበታል። ቀይዋ ላም ወልዳለች።

ባለፈው ሰኞ ዓሣ አጥማጁ እንድሪስ ከእስር ተፈቶ ለቅሶ ሊደርሰኝ መጣ። የማኅበሩን መረብ ሰርቋል ተብሎ፣ አንተ በዳኝነት በተቀመጥክበት የገበሬ ማኅበር ሸንጎ አንድ ዓመት የተፈረደበት እንድሪስ። ሌባ ቤቴ ገባ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩበት። እሱ ግን ዱዓ አድርጎልህ ሲያበቃ፣ "ሰይድን አፉ ብዬዋለሁ፣ ይቅር ብዬዋለሁ" አለኝ። ምኑን ብለው፣ መረቡ በጠፋ ቀን አርዲቦ ላይ የእህትህን የዘሃራን ጣሪያ ካንተ ጋር ሲያቆም እንደዋለ ነገረኝ።

አላመንኩትም። በማግስቱ አርዲቦ ሄድኩ። ዘሃራ ገና ስጠይቃት አለቀሰች። መረቡን የሸጠው የማኅበሩ ሊቀመንበር ወንድም ነበር። ሊቀመንበሩም ጠርቶህ፣ "ወይ ትፈርማለህ፣ ወይ አህመድ ይዘምታል" ብሎሃል። ይህን ለሷ ነግረሃት ከኔ ግን ደበቅከው።

የአህመድ ስም ከዘማቾች ዝርዝር የወጣ ቀን አልሃምዱሊላህ ብዬ ጎረቤት ጠርቼ ዳቦ ቆርሼ ነበር። የእንድሪስ ሚስት እንኳ መጥታ ደስ ይበልሽ ብላኛለች።

አገሩ ሁሉ ሲጣላ ሰይድ ይፍረደን ይል ነበር። እኔም በዚያ ስኮራ ኖሬአለሁ።

ያሰብኩትን ለአህመድ ነገርኩት። "ሂጂ እማ፣ እኔም አብሬሽ እቆማለሁ" አለኝ። ሸንጎው ሲሰበሰብ ከሱና ከዘሃራ ጋር ሄጄ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ። እንድሪስ አልሰረቀም፣ ባሌ እያወቀ ፈርሞበታል አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የእንድሪስን እጅ ጨበጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን በትኖ ወጣ።

ፍርዱ እስካሁን አልተሻረም። ትናንት ደግሞ የአህመድ ስም ዝርዝሩ ላይ ተመልሷል። ያደረግኩት አይጸጽተኝም፤ ለአህመድ ግን እሰጋለሁ።

ተቀይሜሃለሁ፣ ሰይዴ። ትናፍቀኛለህም። ከእንግዲህ ሳስብህ መልካሙን ብቻ መርጬ አላስብም። ዱዓ ሳደርግልህ እንድሪስ የታሰረባትን ዓመት ሳልዘል፣ ሙሉውን አንተን ይዤ እኖራለሁ።

ሚስትህ ፋጡማ