ጢቾ ላይ የቆመችው ነጥብ

ጥቅምት 8

ብርድ። የጭላሎ ተራራ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ ዋለ።

የወሩን “አምስት ምርጥ መተግበሪያዎች” ቻናሌ ላይ ለጠፍኩ። አንደኛ፣ ወረቀት በፎቶ አንስቶ ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው መተግበሪያ። አማርኛውን አሁን ደህና ያነባል። ሁለተኛ፣ ዋግ የሚባለውን የስንዴ በሽታ የሚለየው። ሳጉሬ የአቶ ሣህሌ ማሳ ላይ ሞክሬው “ጤነኛ ነው” አለ። አቶ ሣህሌ ሳቁ። “ይኼንንማ እኔም አላጣሁት” አሉ።

ሁለት ሺህ አንድ መቶ ተከታይ ሆነ። ለእማዬ ነገርኳት።

“ይኼ ሁሉ ተከታይ ካለህ፣ አንዱ መጥቶ ልብስህን አያጥብም?”

ጥቅምት 15

ማሂ ከባሏ ቤት መጣች። ስልኳ ሞልቶ እየተንቀራፈፈ ነበር፤ አጸዳሁላት። እህቴ ስልክ አያያዝ አታውቅም።

ሻሿ ሸርተት ሲል አንገቷ ጠቁሮ አየሁ።

“ምንድን ነው?”

“በር መታኝ።”

በር አንገት ይመታል እንዴ? አልጠየቅኩም… አዲሱን ሰዓቴን ላሳያት ቸኩዬ ነበር። የልብ ምት ይቆጥራል። እጇ ላይ አሰርኩላት፤ 118 አለ። ዝም ብላ ተቀምጣ! የተበላሸ ዕቃ ሸጠውልኛል መሰለኝ።

ኅዳር 2

ባርኮት ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የእህቴ ባል በሥራ ሰዓት እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም።

“ማሂ ስልኳን ገበያ ላይ ጣለች። አንተን መቼም አያቅትህም።”

የቤተሰቡን ሁሉ ኢሜይል የከፈትኩት እኔ። ፓስወርዱን ሁሉ የማውቀው እኔ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ላፕቶፔን ከፈትኩ። በማሂ ኢሜይል ገብቼ ስልኳን ካርታ ላይ ፈለግሁ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ነጥቧ ዞር ዞር አለችና ጢቾ ላይ ቆመች።

“ጢቾ?” አልኩ።

ስክሪኑን በስልኩ ፎቶ አነሳ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገ።

“አንተ እኮ ሊቅ ነህ ኤፊ።”

እሱ ሲወጣ የሒሳብ መምህሩ ጉርሙ “እንዴት አገኘኸው?” አለ። ቆሜ አስረዳሁት። ክፍለ ጊዜዬ አምስት ደቂቃ አለፈብኝ።

ኅዳር 3

ማሂ ስልክ አልጣለችም። ከባርኮት ሸሽታ፣ ከአራት ቀን በፊት፣ ጢቾ አክስታችን እትዬ የሺሃረግ ጋ ገብታ ነበር። የምታውቀው እማዬ ብቻ። “ለኤፊ እንዳትነግሪው፣ አፉ አያርፍም” ብላታለች።

ባርኮት ትናንት ከሰዓት ሁለት ሰው ይዞ ደረሰ። በር ገነጠለ። እትዬ የሺሃረግን ገፍትሮ ጣላቸው። ማሂን በፀጉሯ እየጎተተ አወጣት… ከእጁ ያስጣሏት የእትዬ ጎረቤት ኦቦ ዱሬሳና ወንድሞቻቸው ናቸው። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። የፊት ጥርሷ የለም።

እማዬ ደጋግማ፦ “ማን ነገረው? ማን ይሆን የነገረው?”

“እኔ ነኝ” አላልኳትም።

ኅዳር 4

ዛሬም አላልኳትም።

ኅዳር 6

ሆስፒታል ሄድኩ። ፊቷን አይቼ ክፍል ተሳሳትኩ ብዬ ልመለስ ነበር።

ባርኮት ፖሊስ ፊት ፎቶውን አሳይቷል። “ወንድሟ ነው ያገኘልኝ” ብሏል። ለማሂም ነግረዋታል። እማዬ አልጋው አጠገብ ተቀምጣለች።

“ጢቾ መሆኑን አይተሃል?” አለችኝ ማሂ።

“አይቻለሁ።”

“እትዬ የሺሃረግ ጢቾ እንደሚኖሩ ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ።”

“ደውለህልኝ ነበር?”

“ስልኩ ጠፍቷል አለኝ እኮ…”

“ስልክ ሲጠፋ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይደውላል። እማዬ እንኳ ይኼን ታውቃለች። አንተ ብትደውል አነሳው ነበር።”

ሳቀች። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደማ። ጨርቅ ልሰጣት እጄን ስዘረጋ ፊቷን በደህናው ክንዷ ሸፈነች። ከእኔ!

“ውጣ።” ያለችው እማዬ ናት።

ኅዳር 7

እዚህ ማስታወሻዬ ላይ እንኳ ካልዋሸሁ… ነጥቧን ሳይ ገብቶኝ ነበር። ለአንድ ትንፋሽ ያህል። ባርኮት አጠገቤ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጉርሙም ያያል። “አልተገኘም” ማለት አቃተኝ። አንዲት ቃል ነበረች። እኔ ደግሞ ሰው ፊት “አቃተኝ” ብዬ አላውቅም።

ኅዳር 19

ባርኮት በዋስ ወጣ። የላካቸው ሽማግሌዎች እቤት መጡ። አቶ ሣህሌም አሉበት።

“ትዳር ነው ልጄ። ቁጣ የሌለበት ቤት የለም” አሉ አቶ ሣህሌ።

ማሂ ከሆስፒታል ወጥታ እኛ ጋ ናት፤ ክንዷ በጄሶ። “እርስዎ የሴት ልጅዎን ጥርስ የሰበረ ሰው ጋ መልሰው ይልኳታል?”

አቶ ሣህሌ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። ሲወጡ እኔን በር ላይ ያዙኝና፣ “ባርኮት ሰላም ብሎሃል። ከዚህ ቤት ሰው አንተ ብቻ ነህ ብሏል” አሉኝ። ማሂ ሰምታለች። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

ታኅሣሥ 5

ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሂ የለችም። ሻንጣዋም። ስልኳ ጓሮ፣ ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ተቀምጧል።

“እማዬ! ማሂ ሄዳለች!”

“ሰምቻለሁ” አለች። ድንች መላጧን አላቆመችም።

ታኅሣሥ 11

የማላውቀው ሰው ቻናሌ ላይ ጻፈልኝ። “መምህር፣ ባለቤቴ ስልኳን ጥላው ነው፤ በምን ላገኘው?” ፎቶው ላይ ሕፃን ታቅፏል። እውነቱን ይሆናል… በምን አውቃለሁ?

“መጀመሪያ ይደውሉላት” አልኩት።

“አታነሳልኝም” አለ።

ቻናሉን ዘጋሁት። ጉርሙ ተናደደ። “ሰው ስንት ይማርበት ነበር!” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ባርኮትም ተምሮበታል።

ጥር 14

እማዬ ነጠላዋን ደርባ፣ ዘንቢል ይዛ ወጣች። ዘንቢሉ ውስጥ ቅቤና የማሂ ሹራብ።

“እሷ ጋ ነው?”

“አዎ።”

“ደህና ናት?”

“ደህና ናት።”

“ክንዷስ?”

“አልቀናም። ትኖርበታለች።”

የት እንደሆነ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። አየችኝ። ዘጋሁት።

የራሷን ስልክ አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“መንገድ ላይ ቢያምሽስ?”

“ካመመኝ ያመኛል።”

“ሰላም በይልኝ።”

“አልልልህም ልጄ። ስምህ ሲነሳ ተነስታ ትወጣለች።”

ከዚያ በአባቴ አጥንት አስማለችኝ፤ መኪና እስክትሳፈር ከቤት እንዳልወጣ፣ መናኸሪያ ሄጄም የየት መኪና እንደያዘች እንዳልጠይቅ። ማልኩላት። በሩን ከውጭ ስትዘጋው ሰማሁ። ቆለፈችው።